በጃፓን የምንኖር ሰዎች ቅዳሜና እሑድን የት እናሳልፍ? ስለ ቅርብ ጉዞዎችና ስለምንኖርበት አካባቢ

አዲስ መጤ ዘዮትሱጊ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቶኪዮ ካትሱሺካ ወረዳ፣ ከዮትሱጊ ባቡር ጣቢያ አጠገብ መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ባለቤቴና የሰባት ዓመት ልጃችን ባለፈው ጥር መጥተው አብረን እንገኛለን። ብቻዬን ሳለሁ እሑድ ማለት ልብስ የማጥብበት፣ የሳምንቱን ወጥ የምሠራበትና አገር ቤት ስልክ የምደውልበት ቀን ነበር፤ ከዚያ ያለፈ አሳብ አልነበረኝም። አሁን ግን ልጁ ዓርብ ማታ «ነገ የት እንሄዳለን?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልስለት እያጣሁ ተቸግሬአለሁ።

በግንቦት መጀመሪያ፣ በዓላቱ በሚከታተሉበት ሳምንት፣ ታላቁን የነሐስ ቡድሃ ለማየት ወደ ካማኩራ ሄደን ነበር። በባሕሩ ዳር የምትሄደው ትንሿ ባቡር ላይ ለመሳፈር ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰለፍን፤ ልጁ ደክሞት ጀርባዬ ላይ ተኛ። ባለቤቴ ማታ ቤት ስንገባ «ሰው አየን እንጂ አገር አላየንም» አለችኝ። ይህ ቃሏ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ስለዚህ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ የሚያስኬድ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ እየተራመዱ የሚነጋገሩበትና ከዚህ አገር አንድ ነገር ተረድተው የሚመለሱበት ቦታ የምታውቁ ካላችሁ እንድትጽፉልኝ እለምናለሁ። ሌላም ነገር ልጨምር። የምኖርበትን ሰፈር ራሱን አላውቀውም። ከቤታችን ጀርባ ያለው ከፍ ያለ የሣር ክትር ለምን እንደተሠራ፣ ሁልጊዜ ከቀኑ በ11 ሰዓት ከምሰሶ ላይ የሚሰማው የልጆች ዜማ ለምን እንደሚለቀቅ ልጁ ሲጠይቀኝ ዝም ብዬአለሁ።

የአራካዋ ዳር ነዋሪ

ወንድሜ፣ በዚህ ወረዳ ከሃያ ዓመት በላይ ስለኖርኩ መልሱን ከቤትዎ ጀርባ እጀምራለሁ።

ያ የሣር ክትር የአራካዋ ጎርፍ መከላከያ ነው፤ ከክትሩ ማዶ የሚፈሰው ሰፊ ውኃም በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ እንጂ ከጥንት የነበረ ወንዝ አይደለም። በ1910 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በነሐሴ ወር የጣለው ዝናብ ምሥራቃዊ ቶኪዮን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ መንግሥት የወንዙን ውኃ ከከተማው መካከል አውጥቶ ወደ ባሕር የሚወስድ፣ 22 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 500 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አዲስ መውረጃ ለማስቆፈር ወሰነ። ቁፋሮው በ1913 ተጀመረ፤ ውኃው በ1924 ተለቀቀበት፤ ሥራው በሙሉ የተፈጸመው ግን በ1930 ነው። ከአንድ ሺህ በላይ አባወራዎች ቤትና እርሻቸውን ለቀዋል። ሥራውን በኃላፊነት የመሩት መሐንዲስ አኪራ አኦያማ ደግሞ ቀደም ሲል በፓናማ ቦይ ቁፋሮ ላይ የሠሩ ብቸኛው ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበሩ።

ክትሩ እስከ ዛሬ የሚያስፈልገው የወረዳችን ብዙ ክፍል ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት ከፍታ በታች ስለሆነ ነው። ለዚህም አንዱ ምክንያት ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት የከርሰ ምድር ውኃ እየሳቡ መሬቱ እንዲሰምጥ ማድረጋቸው ነው። እኛ ከደጋ የመጣን ሰዎች ጎርፍ ወደ ቆላው የሚወርድ ነገር አድርገን ነው የምናስበው፤ እዚህ ግን የቆላው ነዋሪዎች እኛው ነን። ወረዳው ያዘጋጀውን የጎርፍ ካርታ ከቤትዎ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ አጥብቄ እመክራለሁ። በ11 ሰዓት የሚሰማው ዜማም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ጎርፍ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ የሚነገርበት ድምፅ ማጉያ እንደሚሠራ በየቀኑ የሚፈተሽበት መንገድ ነው። ልጆችም ሰምተው ወደየቤታቸው ይገባሉ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጉዞዎ በዚሁ ክትር ላይ ይሁን። በብስክሌት ወንዙን ወደ ላይ ተከትለው ቢሄዱ፣ ቦዩ ከሱሚዳ ወንዝ ከሚለይበት ላይ፣ በ1924 የተሠራውን ቀይ የኢዋቡቺ የውኃ በር ያገኛሉ። ዛሬ የሚያገለግለው በ1982 የተሠራው ሰማያዊው በር ነው፤ በ2019 ጥቅምት ያ ከባድ አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ እርሱ ተዘግቶ ነው የሱሚዳ ዳር ሰፈሮች ከጎርፍ የተረፉት። ጥርት ባለ የብርድ ወራት ጠዋት ከክትሩ ላይ ሆነው ወደ ምዕራብ ቢመለከቱ የፉጂ ተራራ ይታያል።

እናት በሳይታማ

የአራካዋው ወንድማችን የጻፉትን ለልጆቼ አነበብኩላቸው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ ደግሞ በየዓመቱ በመስቀል ሰሞን የምንሄድበትን ቦታ ልጠቁም።

ከኢኬቡኩሮ በሴይቡ መስመር ተሳፍራችሁ ሃኖ ላይ ባቡር ከቀየራችሁ በኋላ ኮማ የሚባል ትንሽ ጣቢያ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ሲኬድ የኮማ ወንዝ ዞሮ በከረጢት ቅርጽ የከበበው ሜዳ አለ፤ ስሙም ኪንቻኩዳ ነው። ከመስከረም አጋማሽ በኋላ በዛፎቹ ሥር አምስት ሚሊዮን ያህል ቀይ የሂጋንባና አበቦች ይፈነዳሉ። ቅጠል የላቸውም፤ ከባዶ መሬት የወጣ ዘንግ ጫፉ ላይ እሳት የያዘ ይመስላል። ሂጋን ማለት «ወዲያኛው ዳር» ሲሆን፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሳምንት ጃፓናውያን የሙታን መቃብር የሚጎበኙበት ጊዜ ነው። አበባው የሚፈነዳው በዚያው ሰሞን ነው። የእኛ አደይ ከክረምት በኋላ በየሜዳው በምትወጣበት ሳምንት እዚህ ቀዩ አበባ ሲወጣ ባየሁበት የመጀመሪያው ዓመት፣ መስቀል መምጣቱን ያለ ቀን መቁጠሪያ አወቅሁ። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ የአበባው ሥር መርዛማ ነው። የጥንት ገበሬዎች በሩዝ ማሳ ዳርና በመቃብር ላይ የተከሉትም አይጥና ፍልፈል እንዳይቆፍሩ ብለው ስለነበር ልጆች እንዳይነቅሉት ይጠንቀቁ።

ነገር ግን ልጆቻችንን ወደዚያ የምወስደው ለአበባው ብቻ አይደለም። በ668 የኮጉርዮ መንግሥት ሲወድቅ ከኮሪያ ልሳነ ምድር ሸሽተው ወደ ጃፓን የመጡ ሰዎች ነበሩ። በ716 ከሰባት አውራጃዎች 1,799 የኮጉርዮ ሰዎች ተሰብስበው በዚህ ሸለቆ እንዲሰፍሩ ተደርጎ የኮማ አውራጃ ተመሠረተ። ኮማ የሚለው ስም ራሱ ጃፓናውያን ኮጉርዮን የሚጠሩበት ነው። መሪያቸው ጃኮ ከሞተ በኋላ የተሠራለት የኮማ መቅደስ እስከ ዛሬ አለ፤ ካህናቱም ከእርሱ የሚወርዱ ናቸው። በጣቢያው ፊት እንደ ኮሪያ መንደር በር ሁለት ረጃጅም የፊት ምስሎች ቆመዋል። ትልቁ ልጄ በትምህርት ቤት «ከየት ነህ?» እየተባለ መጠየቁ ሲያሳዝነው፣ ከ1,300 ዓመት በፊት ከባሕር ማዶ መጥተው የመጡበትን ስም ሳይለውጡ የኖሩ ሰዎች እንዳሉ ያሳየሁት እዚህ ነው።

የኮሹ ጎዳና ሯጭ

እኔ የምኖረው በምዕራብ ቶኪዮ ነው። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ አንድ እሑድ ጠዋት ሰጥቶ ሊያየው የሚገባ ቦታ አለ፤ ነገር ግን በጉብኝት መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

በኬዮ መስመር ከሺንጁኩ ተነሥታችሁ በቾፉ ከተማ ቶቢታኪዩ ጣቢያ ውረዱ። ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ በእግር ተጉዛችሁ ኮሹ ካይዶ የተባለው ሰፊ ጎዳና ላይ ስትደርሱ፣ ከትልቁ ስታዲየም አጠገብ፣ በእግረኛ መንገዱ ዳር የ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን መመለሻ የነበረውን ነጥብ የሚያመለክት ሐውልት ታያላችሁ። ሻምበል አበበ ቢቂላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን 1964 ከብሔራዊው ስታዲየም ተነሥቶ፣ በሺንጁኩ በኩል ይህን ጎዳና ይዞ መጥቶ፣ እዚህ ዞሮ ነው የተመለሰው። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገብቶ፣ የማራቶን ወርቅን በተከታታይ ሁለት ኦሊምፒክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሌሎቹ ገና ከአራት ደቂቃ በላይ ርቀት ላይ እያሉ እርሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር።

የዚያን ቀን የጃፓናውያንን ልብ የነካ ሌላም ሰው አለ። ኮኪቺ ትሱቡራያ ሁለተኛ ሆኖ ወደ ስታዲየሙ ከገባ በኋላ፣ በገዛ ወገኖቹ ፊት፣ በእንግሊዛዊው ቤሲል ሂትሊ ተቀድሞ ሦስተኛ ወጣ። በአካባቢዬ የሚኖሩ አረጋውያን «ኢትዮጵያ» ስላቸው ወዲያው «አበበ!» ይሉና ቀጥለው የትሱቡራያን ስም ያነሣሉ፤ ሁለቱን ሰዎች በልባቸው አይለያዩአቸውም። አንድ ጎረቤቴ በልጅነታቸው በዚህ ጎዳና ዳር ቆመው አበበ ሲያልፍ እንዳዩትና የእግሩ ኮቴ እንደማይሰማ ነግረውኛል።

አሮጌው ስታዲየም በ2015 ፈርሶ በቦታው አዲሱ ስለተሠራ፣ ሩጫውን በእግር ማስታወስ የሚቻለው በጎዳናው ላይ ነው። መንገዱ ዛሬ መኪና የበዛበትና ለዓይን የማያምር መሆኑን አልደብቅም። እኔ በየዓመቱ ለጥቅምት 21 በሚቀርበው እሑድ ከሐውልቱ ተነሥቼ ወደ ሺንጁኩ እራመዳለሁ። አብሮ የሚመጣ ካለ ደስ ይለኛል።

አዲስ መጤ ዘዮትሱጊ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለልጄ ስለ ዜማው ስነግረው በማግሥቱ በ11 ሰዓት መስኮት ከፍቶ «ይሠራል!» ብሎ ጮኸ።

አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ይቀረኛል። እኔና ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብን እንዲሁም አጽዋማቱን እንጾማለን፤ ሁለታችንም በጾም ዓሣ አንበላም። ከቤት ስንቅ መያዝ ሁልጊዜ አይመችም። በመንገድ ላይ ምን እንብላ?

የወጥ ቤት ሠራተኛ

በጃፓን ወጥ ቤት ውስጥ ዓመታት ስለሠራሁ ይህን ጥያቄ በዝርዝር መመለስ እፈልጋለሁ፤ ብዙዎቻችን ሳናውቅ እንሳሳታለንና።

አስቸጋሪው ነገር በዓይን የሚታየው ዓሣ ሳይሆን ዳሺ የሚባለው መረቅ ነው። ዳሺ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀና ከተፋቀ የካትሱኦ ዓሣ ይወጣል፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው የሶባ ማጥቀሻ፣ የሚሶ ሾርባ፣ የተቀቀለ ጎመን፣ በጣፋጭ ቶፉ የተጠቀለለው የኢናሪ ሩዝም ሳይቀር ይህ ይገባበታል። ስለዚህ «ሥጋና ዓሣ አልበላም» ማለት አይበቃም፤ «ዳሺው ከኮምቡ ነው ወይስ ከካትሱኦ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ኮምቡ የባሕር ቅጠል ስለሆነ ጾምን አይነካም። በሱቅ የታሸገ ምግብ ስትገዙ የአለርጂውን ሣጥን ተመልከቱ፤ ሕጉ እንቁላልንና ወተትን በግልጽ መጻፍ ያስገድዳል። ዓሣ ግን በዚያ የግዴታ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለ ዋናውን የንጥረ ነገር ዝርዝር ማንበብ የግድ ነው።

በብርድ ወራት ብዙ ሱቆች በር ላይ በጋለ ጠጠር የሚጠብሱት ስኳር ድንች አለ፤ ያኪ ኢሞ ይባላል። እርሱን ይዞ ተራራ የወጣ ሰው ሌላ ምሳ አይፈልግም። ጎምዛዛ የኡሜ ፍሬ የተሞላበት የሩዝ ኳስም አብዛኛውን ጊዜ ለጾም ይሆናል።

በደንብ የተዘጋጀ የጾም ማዕድ ለመቅመስ ከፈለጋችሁ ግን ወደ ታካኦ ተራራ ሂዱ። ከፍታው 599 ሜትር ብቻ ስለሆነ የሰባት ዓመት ልጅ በእግሩ ይወጣዋል፤ ለደከመው ሰውም በጃፓን ካሉት የገመድ ባቡሮች ሁሉ አቀበቱ የበረታው እዚያ አለ። በተራራው ላይ በ744 የተመሠረተው ያኩኦ-ኢን ገዳም ቀደም ብሎ ቦታ ለያዘ ሰው ሾጂን ሪዮሪ የሚባለውን የመነኮሳት ምግብ ያቀርባል። ሥጋና ዓሣ ቀርቶ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ያለ ሽንኩርት ወጥ ይጣፍጣል ብዬ አላምንም ነበር፤ ከሰሊጥ የተሠራውን ቶፉ ስቀምስ አሳቤን ለወጥኩ።

የጣና ልጅ በቶቶሪ

የቶኪዮ ሰዎች ብቻ እንዳይናገሩ እኔም ከምዕራብ ጃፓን ልጻፍ። ከጃፓን አውራጃዎች ሁሉ ሕዝቡ ትንሽ በሆነው በቶቶሪ የአፈር ጥበቃ ትምህርት እከታተላለሁ። በዚህ ያለው የደረቅ መሬት ምርምር ማዕከል ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር በዓባይ የላይኛው ተፋሰስ ላይ ስለ መሬት መሸርሸር ስላጠና ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እዚህ እንግዳ አይደሉም።

የእሑድ ቦታዬ የአሸዋ ኮረብታው ነው። በባሕሩ ዳር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 2.4 ኪሎ ሜትር የተዘረጋ አሸዋ ነው፤ «የፈረስ ጀርባ» በሚሉት ጉብታ ላይ ሲወጡ ባሕሩ ከእግር በታች ይገለጣል። ሰው በረሃ ይለዋል፤ በረሃ ግን አይደለም፤ ዝናብም በረዶም በብዛት ይወርድበታል። አሸዋው ከተራሮች ተሸርሽሮ በሴንዳይ ወንዝ ወደ ባሕር የወረደ ድንጋይ ሲሆን፣ ማዕበልና ነፋስ ወደ ምድር መልሰው የከመሩት ነው። የጎጃምን አፈር ዓባይ ጠርጎ ሲወስደው እያየሁ ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ የተሸረሸረ ምድር አንድ ቦታ ተከምሮ ተራራ ሆኖ ሳየው ለረጅም ጊዜ ቆሜ ቀረሁ።

ሌላም ያስደነቀኝ ነገር አለ። ነፋስ ለመከላከል በዙሪያው ደን ከተተከለ በኋላ አሸዋው መንቀሳቀሱን እየተወ ሣር ያበቅል ጀመር፤ ስለዚህ ኮረብታው የተፈጥሮ ቅርስነቱን እንዳያጣ በሙቀት ወራት ጠዋት ፈቃደኞች ተሰልፈው ሣሩን ይነቅላሉ። ሣር አብቅሎ አፈርን ማቆየት የምማረው እኔም ከእነርሱ ጋር ቆሜ ነቅያለሁ።

ከኮረብታው አጠገብ ባለው በፉኩቤ የራኪዮ ሽንኩርት እርሻ በጥቅምት መጨረሻ ሐምራዊ አበባ ይለብሳል። ይህን እርሻ ሳይ የማስበው ሴቶቹን ነው። የውኃ መርጫ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት በበጋ ሐሩር ባልዲ ተሸክመው አሸዋውን የሚያጠጡት እነርሱ ስለነበሩ፣ ሥራው «ሙሽራ ገዳይ» ይባል እንደነበር አስተማሪዬ ነግረውኛል። እናቴ በእንስራ ውኃ ስትቀዳ የኖረች ናት፤ የስሙን ክብደት ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የኡትሱኖሚያ ነዋሪ

የተጻፈው ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዝነኛ ቦታ ሁሉ መተው አለበት የሚል አሳብ እንዳይሰርጽ እሰጋለሁ። ካማኩራ ጥፋት የለባትም፤ የተሳሳተው የተሄደበት ቀን ነው።

ለምሳሌ ዝነኛዋን ተራራማ ከተማ ኒኮን እንውሰድ። ወደ ቹዜንጂ ሐይቅ የሚያወጣውና የሚያወርደው ኢሮሃዛካ የተባለው መንገድ በድምሩ 48 ጠመዝማዛዎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጠመዝማዛ ከጥንቱ የጃፓን ፊደል ቅደም ተከተል አንድ አንድ ፊደል ተሰጥቶታል። ልጄ ፊደሉን ያጠናው በአውቶቡስ መስኮት ሰሌዳዎቹን እየቆጠረ ነው፤ ሀ ሁን በተራራ መንገድ ላይ እንደ መማር ማለት ነው። ከላይ ያለው የኬጎን ፏፏቴ 97 ሜትር ይወርዳል፤ ቁመቱ ከጢስ ዓባይ እጥፍ ይበልጣል፤ ስፋቱ ግን ቀጭን ነው። በመኸር ቅጠሉ ሲቀላ መንገዱ በመኪና ስለሚታነቅ በየካቲት በሥራ ቀን ሂዱ፤ የፏፏቴው ዳርና ዳር በረዶ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የአራካዋ ዳር ነዋሪ

የኡትሱኖሚያው ወንድማችን ትክክል ናቸው፤ እቀበላለሁ። እንዲያውም ከሁሉ ዝነኛ የሆነውን ፉጂን ልጨምር። ከ2025 ጀምሮ ወደ ጫፉ ለሚወጣ ሰው 4,000 የን ይከፈላል፤ በአውቶቡስ እስከ አምስተኛው ጣቢያ ደርሶ ለሚመለስ ግን ይህ ክፍያ የለም። የጣቢያው ከፍታ 2,305 ሜትር ስለሆነ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። በነሐሴ፣ የቶኪዮ ወበቅ ትንፋሽ ሲያሳጣችሁ፣ እዚያ ወጥታችሁ አየሩን ሳቡት። ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ከአውቶቡሱ ወርዳ «ይህ የእንጦጦ ብርድ ነው» ብላ ነጠላዋን ተከናነበች።

አዲስ መጤ ዘዮትሱጊ

ጥያቄውን ከጻፍኩ አራት ወር ሆነ፤ የደረስንበትን መናገር ይገባኛል።

በመስቀል ማግሥት ኮማ ሄድን። ሰው በዝቶ ነበር፤ ከአበባው ወደ መቅደሱ በሚወስደው የገጠር መንገድ ላይ ግን ከእኛ በቀር ማንም አልነበረምና ባለቤቴ ስለ ተወለደችበት መንደር ነግራኝ የማታውቀውን ታሪክ ነገረችኝ። ስለ 1,799ኙ ሰዎች ለልጄ ስነግረው «ማን ቆጠራቸው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ጣቢያው ድረስ የቆጠረውን ሰው ስናስብ ሄድን። በቶቢታኪዩም ከሯጩ ወንድማችንና ከሌሎች ስድስት ሰዎች ጋር ተገናኝተን ሁለት ጣቢያ ያህል በእግር ተጉዘናል፤ ልጁ ከሐውልቱ ዞሮ መመለስ አለብን ብሎ አጥብቆ ስለያዘ ሁላችንም ዞርን።

የቀረን ቀዩ የውኃ በር ነው። በመጪው እሑድ አየሩ ጥሩ ከሆነ ልንሄድ አስበናል። ለልጅ የሚሆን ብስክሌት የሚያከራይ ሰው በአካባቢያችን ታውቃላችሁ?

የአራካዋ ዳር ነዋሪ

ኪራይ አያስፈልግም። ሴት ልጄ በልጅነቷ የነዳችው ብስክሌት በረንዳችን ላይ ቆሟል፤ ጎማውን ቅዳሜ እነፋዋለሁ። ወደ ላይ ስትሄዱ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚሆን በጠዋት በ1 ሰዓት እንነሣ፤ ከዮትሱጊ ድልድይ ሥር እጠብቃችኋለሁ።